ሃርድኮር ፐንክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህ ሙዚቃ ባወራሁ ቁጥር ጥያቄው ብዙ ነው። «ይሄ ጩኸት ምኑ ነው ሙዚቃ?» ከሚለው ጀምሮ «ከኢትዮጵያ ጋር ይገናኛል የሚባለው እውነት ነው?» እስከሚለው ድረስ። ደጋግመው የሚመጡትን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሃርድኮር ፐንክ ምንድን ነው? ከፐንክ ሮክስ በምን ይለያል?

በ1976 ራሞንስ የሚባሉ የኒውዮርክ ልጆች የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። 14 ዘፈን፣ 29 ደቂቃ። ለዚያ ዘመን ጉድ ነበር። ሮክ ባንዶች አንዱን ዘፈን 10 ደቂቃ የሚጎትቱበት፣ ጊታሪስቱ በሶሎ ብቃቱን ሲያሳይ ሌላው ቆሞ የሚጠብቅበት ጊዜ ነበርና። ፐንክ ይህን ሁሉ አራግፎ ጣለው።

አራት ዓመት ቆይቶ ሰርክል ጀርክስ የሚባል የሎስ አንጀለስ ባንድ የራሱን የመጀመሪያ አልበም አወጣ። የዘፈኑ ብዛት ያው 14 ነው። ርዝመቱ ግን 15 ደቂቃ ገደማ። ልዩነቱን ለሚጠይቀኝ ሰው ሁልጊዜ የምሰጠው ምሳሌ ይሄ ነው። ሃርድኮር ማለት ፐንክ ያራገፈውን እንደገና አራግፎ፣ የቀረውን በእጥፍ ፍጥነት የሚጫወት ሙዚቃ ነው።

ፍጥነቱ ጆሮ ቶሎ የሚይዘው ነገር ነው እንጂ ዋናው እሱ አይደለም። የታወቁት የመጀመሪያዎቹ ፐንክ ባንዶች ብዙዎቹ ከሙዚቃ ኩባንያዎች ጋር ተፈራርመው ነበር የሚሠሩት። የሃርድኮር ልጆችን ግን ማንም አልፈለጋቸውም። ብዙዎቹ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ኩባንያ አያስፈርማቸውም። ሬዲዮ አያጫውታቸውም። መጠጥ የሚሸጡ ክለቦች ዕድሜያቸውን አይተው ከበር ይመልሷቸዋል። ስለዚህ ሁሉንም ነገር ራሳቸው ሠሩት። ሸክላውን ራሳቸው አሳተሙ፣ መጽሔቱን ራሳቸው ጻፉ፣ አዳራሹን ራሳቸው ተከራዩ። እኔን ወደዚህ ሙዚቃ የሳበኝም ይሄው ነው።

የት ነው የተጀመረው?

አንድ አባትና አንድ የትውልድ ቦታ የለውም። ከ1978 እስከ 1981 ባለው ጊዜ በተለያዩ የሰሜን አሜሪካ ከተሞች ብቅ ብቅ አለ። ሁለት ቦታዎች ግን ይቀድማሉ፤ ደቡብ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ዲሲ።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ነገሩ የተነሳው ከሎስ አንጀለስ መሀል ሳይሆን ከዳር ሰፈሮቹ ነው። ሄርሞሳ ቢች በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ግሬግ ጊን የሚባል ወጣት በ1976 ባንድ አቋቋመ። መጀመሪያ ፓኒክ፣ በኋላ ብላክ ፍላግ ተባለ። ጊን ከልጅነቱ ጀምሮ ለሬዲዮ አማተሮች የሚሆን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥበት ኤስ ኤስ ቲ የሚባል ትንሽ ድርጅት ነበረው። የባንዱን ሙዚቃ የሚያወጣለት ሲያጣ በዚያው ስም ሙዚቃ ቤት ከፈተና በ1979 «ነርቨስ ብሬክዳውን» የተባለችውን ባለ አራት ዘፈን ሸክላ አወጣ። ወንድሙ ሬይመንድ ፔቲቦን ደግሞ የባንዱን ምልክት ሣለ። አራት የቆሙ ጥቁር ዘንጎች ናቸው፤ እኩል አልተሰለፉም፣ የሚውለበለብ ባንዲራ ይመስላሉ። ዛሬ ምልክቱን በቲሸርትም በንቅሳትም ታዩታላችሁ። ፔቲቦንም በትልልቅ ሙዚየሞች ሥራው የሚታይ ሠዓሊ ሆኗል።

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ደግሞ በ1978 ዴድ ኬኔዲስ ተቋቋመ። ድምፃዊው ጄሎ ቢያፍራ በ1979 ለከተማዋ ከንቲባነት ተወዳድሮ አራተኛ ወጣ። ካናዳ፣ ቫንኩቨር ውስጥ ዲ.ኦ.ኤ. የሚባል ባንድ ነበር። በ1981 «ሃርድኮር 81» የሚል አልበም ሲያወጣ «ሃርድኮር» የሚለው ስም በየቦታው ተዛመተ።

ዋሽንግተን ዲሲ ሌላ ታሪክ ነው። በ1979 መጀመሪያ ላይ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ደብሊው ጂ ቲ ቢ የሚባለውን ሬዲዮ ጣቢያውን ዘጋ። ፐንክ የሚያጫውት ጣቢያ ነበርና ለእሱ ድጋፍ ኮንሰርት ተዘጋጀ፤ ከኒውዮርክ የመጡት ክራምፕስ ተጫወቱ። ተመልካቾቹ መሀል ኢያን ማካይ የሚባል የዊልሰን ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ እዚያው ጆርጅታውን ባዩ የሚባል ክለብ ውስጥ፣ ዳምድ ከተባለው የእንግሊዝ ባንድ በፊት መድረኩን የሚያሞቁ አራት ጥቁር ወጣቶችን አየ። ባድ ብሬይንስ ነበሩ። ማካይና የልጅነት ጓደኛው ሄንሪ ሮሊንስ ያን ቀን ያዩትን ዛሬም ያወራሉ። የዲሲ ሃርድኮር ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ እነዚህ አራት ሰዎች ባሳዩት ላይ የተሠራ ነው።

ባድ ብሬይንስ እነማን ናቸው? ከኢትዮጵያ ጋር ግንኙነት አላቸው የሚባለውስ?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። ሃርድኮርን «የነጭ ልጆች ሙዚቃ» ብሎ ለሚያልፍ ሰው መልሱ ያለው እዚህ ነው።

አራት ናቸው። ድምፃዊው ኤች. አር.፣ ወንድሙ ከበሮ መቺው አርል ሃድሰን፣ ጊታሪስቱ ዶክተር ኖው እና ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ዳሪል ጄኒፈር። ሲጀምሩ ማይንድ ፓወር በሚል ስም ጃዝ ከሮክ ጋር የቀላቀለ ከባድ ሙዚቃ ነበር የሚጫወቱት። ፐንክን ከሰሙ በኋላ ስማቸውን ከአንድ የራሞንስ ዘፈን ወሰዱና ሁሉን ነገር ከፍ አድርገው ለቀቁት። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ሌሎቹ ልጆች መሣሪያ መያዝ ገና እየተማሩ በፍጥነት ሲጫወቱ፣ እነዚህ መሣሪያቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። በ1980 ያወጡትን «ፔይ ቱ ከም» የሚለውን ነጠላ ዘፈን ስሙት። አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። የሚበር ይመስላል፤ ግን አንዲት ምት አትዛነፍም። ኤች. አር. ቃላቱን እንደ መትረየስ ሲያወርዳቸው ከበሮው አብሮት ይወርዳል፤ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ይቆማል፣ በአንድ ቅጽበት ይነሳል። እዚህ ደረጃ ለመድረስ ሌሎቹ ባንዶች ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ ጨርሶ ያልደረሱበትም አሉ።

በዚሁ ጊዜ ቦብ ማርሌን በመድረክ አዩት፤ ወደ ራስ ተፈሪያን እምነትም ገቡ። ራስ ተፈሪያን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን እንዴት እንደሚያዩዋቸው አንባቢ ያውቃል። የኢትዮጵያ ባንዲራ ቀለማት፣ የይሁዳ አንበሳ፣ ባቢሎንን ትቶ ወደ አፍሪካ የመመለስ ሐሳብ፣ ይህ ሁሉ በሙዚቃቸው ገባ። በ1982 ያወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው ሲወጣ በካሴት ብቻ ነበር። ሽፋኑ ቢጫ መደብ ላይ አረንጓዴና ቀይ ነው፤ ሥዕሉ የአሜሪካን ምክር ቤት ጉልላት መብረቅ ሲመታው ያሳያል። ውስጡ ደግሞ ሁለት ዓይነት ሙዚቃ አለ። እሳት የሚተፋው ሃርድኮር ድንገት ያቆምና ዝግ ያለ ሬጌ ይገባል። የሚቀጥለው ዓመት አልበማቸው ላይ «ኮፕቲክ ታይምስ» የሚል ዘፈን አለ።

ስለዚህ ግንኙነቱ እውነት ነው። ግን መንገዱን በትክክል እንወቀው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ዲሲ አልደረሰም፤ በጃማይካ በኩል ዞሮ ነው የመጣው። ባድ ብሬይንስ የሚያውቋት ኢትዮጵያ የመጽሐፍ ቅዱስና የሬጌ ኢትዮጵያ ናት። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይጫወቱባቸው ከነበሩት ቦታዎች አንዱ ማዳምስ ኦርጋን የሚባል የአርቲስቶች ቤት ነበር፤ አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው መንገድ ላይ። በ1980ዎቹ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ተደርድረው ዲሲን ከእንጀራ ጋር ያስተዋወቁት በዚሁ መንገድ ላይ ነው። የእኛ ሰዎች ከአብዮቱ ሸሽተው እየመጡ ሱቅ ሲከፍቱ፣ እነዚህ ልጆች እዚያው ሰፈር አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለብሰው ይመላለሱ ነበር። ይህን ሳስበው ይገርመኛል።

የዲሲ ክለቦች ግርግሩን ፈርተው በር ዘጉባቸው። እነሱም «ባንድ ኢን ዲሲ» («ዲሲ ውስጥ ታግደናል» እንደማለት ነው) የሚል ዘፈን ሠርተው ኒውዮርክ ገቡና የዚያችንም ከተማ ሃርድኮር አቀጣጠሉ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በ1982 ኦስቲን ውስጥ የአንድ ሌላ ባንድ ድምፃዊ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን ሲያውቁ ክፉኛ ሰድበውት ከብዙ ባንዶች ጋር ተቃቃሩ። ያ ነገር ለዓመታት ስማቸውን ተከትሏቸዋል። ሙዚቃቸውን የሚወድ ሰው ይህንንም አውቆ ነው መውደድ ያለበት።

ለምንድን ነው እንዲህ የሚፈጥነው? እንዴትስ ነው የሚሠራው?

የከበሮውን ነገር ከያዛችሁ ሌላው ይገባችኋል። ከበሮ መቺው በእግሩ ትልቁን ከበሮ፣ በእጁ ትንሹን ያፈራርቃል፤ እግር፣ እጅ፣ እግር፣ እጅ፣ ያለ ፋታ። ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ በደቂቃ ከ200 ምት ያልፋል። ጊታሩ ሁለትና ሦስት ኖታ ብቻ ያላቸውን ኮርዶች በወፍራም ድምፅ ይፈጫል፤ ሶሎ የለም ማለት ይቻላል። ቤዝ ጊታሩ በፒክ ይመታል። ድምፃዊው ይጮኻል እንጂ ዜማ አያሽሞነሙንም፤ አዝማቹ ላይ ደግሞ የባንዱ አባላትና ታዳሚው ባንድ ላይ ያስተጋባሉ።

ከዚያ ድንገት ሁሉም ዝግ ይላል። ይህ ቦታ ብሬክዳውን ይባላል። ፍጥነቱ የሰበሰበው ጉልበት ሁሉ እዚህ ላይ ይወርዳል፤ ከመድረክ ፊት ያለው ሰውም የሚናወጠው እዚህ ላይ ነው። ኋላ ላይ የኒውዮርክ ባንዶች፣ በተለይ ክሮ ማግስ በ1986ቱ አልበማቸው፣ ይህን ክፍል እያከበዱት ሄዱ።

ለምን ይፈጥናል ለሚለው የእኔ መልስ ቀላል ነው። የሚናገሩት አጣዳፊ ስለሆነባቸው ነው። አንድ ሐሳብ አለህ፤ ትናገራለህ፤ ስትጨርስ ታቆማለህ። የኢያን ማካይ ባንድ ማይነር ትሬት «ስትሬት ኤጅ» የምትባለውን ዘፈኑን በ46 ሴኮንድ ጨርሷታል፤ የጎደለ ነገር የላትም።

ግጥሙ ስለምንድን ነው? ዝም ብሎ ቁጣ አይደለም?

ቁጣማ ነው። ጥያቄው በምን ላይ ነው የሚለው ነው።

ሬገን በ1980 መጨረሻ ተመርጠው ፕሬዚዳንት ሲሆኑ እነዚህ ልጆች አሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው። የኒውክሌር ጦርነት ሥጋት፣ የፖሊስ ዱላ፣ ሀብትና ሥርዓት አክባሪነት ብቻ የሚሰበክበት ዘመን፣ ሁሉም በግጥሞቹ ውስጥ አለ። ዴድ ኬኔዲስ ፖለቲካውን በፌዝ ያቀርቡታል። ብላክ ፍላግ ግን ወደ ውስጥ ነው የሚያየው፤ ብቸኝነት፣ ጭንቀት፣ ራስን መጥላት። በ1981 የወጣው «ዳሜጅድ» የሚለው አልበማቸው ይህ ስሜት ምን ያህል እንደሚከብድ ሳያሳምር ያስቀምጣል። ሸክላውን ሊያከፋፍል ተስማምቶ የነበረ ትልቅ ኩባንያ «ወላጆችን የሚቃወም ነው» ብሎ እጁን አወጣ። ከዚያ የተነሳው ክስ ለዓመታት የጎተተ ሲሆን፣ ግሬግ ጊንና ቤዝ ጊታሪስቱ ቸክ ዱኮውስኪ በዚሁ ምክንያት ጥቂት ቀናት ታስረዋል።

የዲሲ ልጆች ግጥም ደግሞ ስለ ጓደኝነት፣ ስለ ክህደት፣ ስለ ራስ ኃላፊነት ነው የሚበዛው። ጩኸቱን አልፎ ግጥሙን ላነበበ ሰው ብዙው የሥነ ምግባር ክርክር ነው።

ስትሬት ኤጅ ምንድን ነው? እጃቸው ላይ X የሚያደርጉትስ ለምንድን ነው?

አለመጠጣት፣ አለማጨስ፣ አደንዛዥ ዕፅ አለመውሰድ ነው። ኢያን ማካይ ማይነር ትሬትን በ1980 ከጓደኞቹ ጋር ሲያቋቁም በዙሪያው ያለው ወጣት ሁሉ ይሰክር ነበር፤ ዓመፅ ማለት ራስን ማጥፋት የሆነበት ጊዜ ነው። እሱ ደግሞ ንቁ አእምሮ ከዚያ ይበልጣል አለ። ሕግ ላውጣ ብሎ አልነበረም፤ የራሱን ምርጫ ነበር የተናገረው። ሌሎች ግን ወስደው እንቅስቃሴ አደረጉት።

የX ታሪክ ደግሞ እንዲህ ነው። ማካይ ከማይነር ትሬት በፊት ቲን አይድልስ በሚባል ባንድ ውስጥ ነበር። በ1980 የአሜሪካ በጋ ባንዱ ወደ ካሊፎርኒያ ተጓዘ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ማቡሃይ ጋርደንስ የተባለው ክለብ ልጆቹን ለማስገባት ሲቸገር፣ መጠጥ እንዳይሸጥላቸው እጃቸው ላይ በጥቁር ቀለም ትልቅ X አደረገባቸው። ዲሲ ሲመለሱ ይህንኑ ለከተማቸው ክለቦች አቀረቡ፦ «ምልክት አድርጉብን፣ አንጠጣም፣ ሙዚቃውን ብቻ እንስማ።» ተቀባይነት አገኘ። መከልከያ የነበረው ምልክት የኩራት ምልክት ሆነ።

ለሐበሻ ወላጅ ይህን ስነግረው አያምነኝም። ልጁ ጥቁር ለብሶ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ እየጮኸ የሚሰማው ሙዚቃ መጠጥና ሲጋራን የሚያወግዝ ሊሆን እንደሚችል መገመት ይከብዳል። ግን እውነት ነው።

ሸክላውን ማን ያወጣላቸው ነበር?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ የሃርድኮር ልብ ያለው እዚህ ነውና።

ቲን አይድልስ በ1980 መጨረሻ ላይ ሲበተኑ ከኮንሰርት ያጠራቀሙት 600 ዶላር ገደማ ነበራቸው። አራት ቦታ ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ የኪስ ገንዘብ ነው። አልተካፈሉም። የሠሩት ሥራ እንዳይጠፋ ሸክላ አሳተሙበት፤ 1,000 ቅጂ። ዲስኮርድ የሚባለው ሙዚቃ ቤት የተወለደው በዚህ ነው። ማካይ፣ ጄፍ ኔልሰንና ናታን ስትሬይቼክ ነበሩ ያቋቋሙት።

የሸክላው ሽፋን እንዴት እንደሚሠራ ግን አያውቁም። ምን አደረጉ? ከእንግሊዝ የመጣ የአንድ ሸክላ ሽፋን ወሰዱ፣ የተጣበቀበትን ቦታ በጥንቃቄ ፈልቅቀው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። የወረቀቱን ቅርጽ፣ የሚታጠፍበትን መስመር፣ ሙጫ የሚቀባበትን ጠርዝ ገለበጡ። የራሳቸውን ሥዕልና ጽሑፍ በዚያ ልክ አሳተሙ። ከዚያ ጓደኛ ሁሉ ተጠራ። አንዱ በመቀስ ይቆርጣል፣ አንዱ ያጥፋል፣ አንዱ ሙጫ ይቀባል፣ አንዱ የግጥሙን ወረቀት ይከታል። ቀጥሎ በመጡት ሸክላዎችም እንዲሁ ሠሩ። ማካይና ጓደኞቹ አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ተከራይተው የገቡበት ቤት፣ እስካሁን ዲስኮርድ ሃውስ የሚባለው፣ ማተሚያ ቤትም መጋዘንም መለማመጃም ነበር። ባንዶቹ ምድር ቤት ውስጥ ይለማመዳሉ፣ ላይ ቤት ሽፋን ይታጠፋል።

ከሸክላው የተገኘው ትርፍ የሚቀጥለውን ባንድ ሸክላ አሳተመ። ያኛው ደግሞ ቀጣዩን። የባንድ ውል ፈርሞ ጠበቃ የቀጠረ አልነበረም። ዲስኮርድ ዛሬም አለ፤ ዋጋውንም ሆን ብሎ ዝቅ አድርጎ ነው የቆየው። ማካይ በ1987 ያቋቋመው ፉጋዚ የሚባለው ባንድ ስሙ በዓለም ከታወቀ በኋላ እንኳ መግቢያው 5 ዶላር እንዲሆን፣ ማንም በዕድሜው እንዳይከለከል ይጠይቅ ነበር።

መረጃውም በእጅ የተሠራ ነው። ማክሲመም ሮክንሮል የሚባለው በሬዲዮ ዝግጅት የጀመረው የሳን ፍራንሲስኮ መጽሔት በ1982 መውጣት ጀመረ። ርካሽ ወረቀት፣ ጥቅጥቅ ያለ ጽሑፍ፤ ከየከተማው ልጆች የላኩት ዜና ይወጣበት ነበር። ኢንተርኔት በሌለበት ዘመን ሬኖ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ያለ ልጅ የፊንላንድን ባንድ አድራሻ የሚያገኘው ከዚያ ነበር። ባንዶች ቫን ተከራይተው ሲዞሩ የሚያድሩት በደብዳቤ በተዋወቁት ሰው ቤት፣ ወለል ላይ ነው።

ከመድረክ ፊት ያለው ግፊያ ጠብ ነው?

ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ጠብ ቢመስለው አልፈርድበትም። ስላም ዳንስ ይባል ነበር፤ ኋላ ሞሽ ተባለ። ክብ ሠርተው እየተገፋፉ ይዞራሉ፤ አንዳንዱ መድረክ ላይ ወጥቶ ሕዝቡ ላይ ይዘላል። ደንብ አለው። የወደቀ ወዲያው ይነሳል፤ አጠገቡ ያለው ሁሉ እጁን ይሰጠዋል። ጫማው የወለቀበትን እንኳ ከበው ይጠብቁታል።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም። ከደቡብ ካሊፎርኒያ የባሕር ዳር ከተሞች የመጡት ጉልበተኞች ነገሩን ሰው ወደመጉዳት ወሰዱት፤ ብዙ ሰው፣ በተለይ ሴቶች፣ በዚህ ምክንያት ከፊት መስመር ሸሹ። ፉጋዚዎች ይህን ሲያዩ ዘፈኑን ያቋርጡ ነበር። አስቸጋሪውን ሰው በስነ ሥርዓት ያናግሩታል፤ እምቢ ካለ 5 ዶላሩን በፖስታ አድርገው መልሰው ያስወጡታል።

ቴሌቪዥን ላይ የታየው ደግሞ ጥቅምት 31 ቀን 1981 ነው። ፊር የሚባል ባንድ በኮሜዲያኑ ጆን ቤሉሺ ግፊት «ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» ላይ ተጋበዘ፤ ከዲሲና ከኒውዮርክ የመጡ ልጆች መድረኩ ፊት መጨፈር ጀመሩ። አዘጋጆቹ ደንግጠው ሥርጭቱን ቆረጡት።

ፖሊስና ናዚ የሚሉ ነገሮች ከዚህ ሙዚቃ ጋር ለምን ይነሳሉ?

ፖሊስ የሚነሳው በተለይ በሎስ አንጀለስ ምክንያት ነው። መጋቢት 17 ቀን 1979 ኤልክስ ሎጅ በተባለ አዳራሽ የነበረ የፐንክ ዝግጅት ላይ ፖሊሶች ዱላ ይዘው ገብተው ታዳሚውን ደበደቡ። ከዚያ በኋላ የብላክ ፍላግ ኮንሰርቶች በፖሊስ መበተናቸው የተለመደ ሆነ።

ዘረኛ ቆዳ ራሶች፣ ማለትም ናዚነትን የሚሰብኩ ስኪንሄዶች፣ በኮንሰርቶች ላይ መታየት መጀመራቸውም እውነት ነው። ጉልበት ያለበት ቦታ ጉልበተኛ ይስባል። ግን ባንዶቹ ዝም አላሉም። ዴድ ኬኔዲስ በ1981 ናዚ ፐንኮችን በስድብ ከመሀላችን ውጡ የሚል ዘፈን አወጡ፤ ከሸክላው ጋር በስዋስቲካ ላይ መስመር የተሰረዘበት የክንድ መጠቅለያም ሰጡ። በየከተማው ልጆች እነዚህን ሰዎች ከአዳራሽ ለማስወጣት ተደባድበዋል። ሃርድኮርን ከናዚነት ጋር አንድ አድርጎ ማየት እነዚህን ልጆች መበደል ነው።

ሴቶች የሉበትም?

አሉ፤ ግን ቦታው ጠቦባቸው ነበር። ኪራ ሮስለር ከ1983 እስከ 1985 የብላክ ፍላግ ቤዝ ጊታሪስት ነበረች። ከመንጋው ተለይቶ የሚሮጠውን ጥቁር በግ፣ የማይነር ትሬትን የ1983 ሸክላ ሽፋን የሣለችው ሲንቲያ ኮኖሊ ናት። የዲሲን የመጀመሪያ ዓመታት ፎቶዎች ሰብስባ በ1988 መጽሐፍ ያደረገችውም እሷው ናት፤ ባታደርገው ያ ታሪክ በሰው ጓዳ ተበትኖ ይቀር ነበር።

በ1985 የዲሲ ሰዎች በግፊያውና በጉልበተኝነቱ ሰልችተው አዲስ ነገር ጀመሩ፤ ያ ወቅት የአብዮት በጋ ተብሎ ይታወቃል። ስሙንም ያወጣችው ኤሚ ፒከሪንግ የምትባል ወጣት ናት። በዚያው በጋ ከደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ፊት ለፊት አፓርታይድን ለመቃወም ከበሮና ባልዲ እየደበደቡ ሰልፍ ወጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢኪኒ ኪልና ሌሎች የሴቶች ባንዶች ራዮት ግርል የሚባለውን እንቅስቃሴ ሲያስነሱ ዲሲ ከዋና መናኸሪያዎቹ አንዷ ሆነች። «ልጃገረዶች ወደፊት» ብለው ሴቶችን ከመድረኩ ፊት አስቀመጡ። ቢዘገይም ትክክለኛ እርምጃ ነበር።

ከአሜሪካ ውጭስ?

በየቦታው። እንግሊዝ ውስጥ ዲስቻርጅ የሚባለው ባንድ በ1982 ያወጣው አልበም የራሱ የከበሮ ምት ያለው ሌላ ዘር ፈጠረ፤ ስዊድኖችና ጃፓኖች እስከ ዛሬ ያንን ይከተላሉ። ብራዚል በወታደራዊ አገዛዝ ሥር ሆና፣ ሳኦ ፓውሎ በ1982 ትልቅ የፐንክ ፌስቲቫል አስተናግዳለች። ፊንላንድና ጣሊያንም የራሳቸው ጠንካራ ባንዶች ነበሯቸው።

አሁን ሞቷል ወይስ አለ?

የመጀመሪያው ማዕበል በ1986 ገደማ አለቀ። ማይነር ትሬት በ1983 ተበተኑ፣ ዴድ ኬኔዲስና ብላክ ፍላግ በ1986። ሙዚቃው ግን አልቆመም፤ ተባዛ። ሜታል ከሃርድኮር ፍጥነቱን ወሰደ፤ ስሌየር በ1996 ያወጣው አልበም አብዛኛው የቆዩ ሃርድኮር ዘፈኖችን መልሶ የተጫወተበት ነው። ኢሞ የሚባለው ስልት ሥሩ የ1985ቱ ዲሲ ነው። ቢስቲ ቦይስ ራፕ ከመግባታቸው በፊት የኒውዮርክ ሃርድኮር ባንድ ነበሩ። ኒርቫና ውስጥ ከበሮ የመታው ዴቭ ግሮል የመጣው ስክሪም ከሚባል የዲሲ አካባቢ ባንድ ነው። በቅርብ ጊዜ ደግሞ ከባልቲሞር የወጣው ተርንስታይል ይህን ሙዚቃ ትልልቅ መድረኮች ላይ አድርሶታል።

ከየት ልጀምር?

በባድ ብሬይንስ የ1982 ካሴት ጀምሩ፤ ዛሬ በየትኛውም የሙዚቃ አፕ ላይ ይገኛል። መጀመሪያ «ባንድ ኢን ዲሲ»ን፣ ቀጥሎ ከዚያው ካሴት «ሊቪንግ ባቢሎን» የሚለውን ሬጌ ስሙ። ሁለቱን አከታትላችሁ ካልሰማችሁ ባንዱ አይገባችሁም። ከዚያ የማይነር ትሬትን ሙሉ ሥራ ውሰዱ፤ 26 ዘፈን፣ 47 ደቂቃ ነው፤ የአንድ ከሰዓት በኋላ የእግር ጉዞ ይበቃዋል። ብላክ ፍላግን ለሦስተኛ አቆዩት። «ዳሜጅድ» የሚከብድ አልበም ነው፤ የከፋው ቀን ላይ ባትጀምሩት ይሻላል። ዴድ ኬኔዲስን የ1980ውን ያዙ።

ግጥሙን ከፊታችሁ ክፈቱ፤ በጆሮ ብቻ ቃላቱን መያዝ አይቻልም። ድምፁን ደግሞ ከለመዳችሁት ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ በዝቅተኛ ድምፅ የሚደመጥ ሙዚቃ አይደለም።